የጅብ ስልቻና የአህያ ታንኳ

አንድ ጊዜ ዝናብ በጠፋበት ዓመት የሐይቁ ውሃ ከዳር ሸሸና ዓሣው ሁሉ ወደ ጥልቁ ገባ። በዳርቻው የምትኖረው እመት ቀበሮ ሦስት ቡችሎቿ ሁለት ቀን ሳይበሉ አደሩባት። መረብ አላት፤ ወደ ጥልቁ የሚያደርሳት ግን የላትም።

በውሃው ላይ መሄጃ ያላቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ሽማግሌው አህያ ነው። በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና ጠፍሮ በሠራት ታንኳ በየማለዳው ወደ ደሴቱ እየተሻገረ ለምለም ሣር ይግጣል። ታንኳዋ ከባድ ናት፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ስለሚጠጣ በየምሽቱ ከሐይቁ ተጎትታ፣ ቆማ ካልደረቀች ውላ አድራ ትሰጥማለች። ሁለተኛው አያ ጅቦ ነው። ሁለት ፍየል በልቶ እስከ ጉሮሮው ጠግቦ ስለነበር ቆዳቸው ተረፈው፤ ሁለት ስልቻ አድርጎ በትንፋሹ ነፋና በእንጨት አጣምሮ መንሳፈፊያ ሠራበት። ሲፈልግ አስተንፍሶ፣ አጣጥፎ በትከሻው ይዞት ይሄዳል።

አህያ ቀበሮን ከእኔ ጋር ተሳፈሪ አላት። የጠየቃትም ምሽት ላይ ታንኳዋን አብራው እንድትጎትት ብቻ ነው። ቀበሮ ግን ብልጥ ናት፤ ብልጥ ደግሞ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር አይጥመውም። የሚነፋው ጅብ፣ የሚሸከመው ጅብ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ማጥመድ ነው ብላ ስልቻውን መረጠች።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል አልሰማሽም?» አላት አህያ። «እኛ እኮ እናውቀዋለን።»

ሰምታለች፤ ግን ልጆቿ ተርበዋል፣ ቸኩላለች።

መኻል ሐይቅ ሲደርሱ ፀሐይዋ በረታች። ቆዳው ሞቀና የፍየል ሽታ ሸተተ። መረቡ ገና ባዶ ነበር። አያ ጅቦ መቅዘፉን ተወት አድርጎ ስልቻውን አንዴ ላሰ፤ ደግሞ ላሰ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ቀበሮ።

«ጨዉን እያየሁለት ነው።»

ከዚያ ነከሰው። ስልቻው ፍስስ ብሎ ሟሸሸ፤ ቀበሮ እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ገባች። ሁለተኛውን ስልቻ እንኳ እንዲተወው በልጆቿ ለመነችው።

«ጓደኛው ከሄደ ብቻውን ምን ይሠራል?» አለና እሱንም ነከሰው።

ጩኸቷን አህያ ከደሴቱ ሰማ። ሣሩን ትቶ እየቀዘፈ ደረሰና ቀበሮን ከነመረቧ ጎትቶ አወጣት። እሷም ጅቡን ይበላሃልና ተወው አለችው። አህያ ግን ረጅም የደንገል ገመድ ወረወረለትና «በጥርስህ ያዝ፤ አፍህን ከከፈትህ ትሰጥማለህ» አለው። አያ ጅቦ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘግቶ ተጓዘ። ቀበሮም በመንገድ መረቧን ጥላ ሰባት ዓሣ ያዘች። ዳር ሲደርሱ ጅቡ እግዜር ይስጥልኝ አለ፤ ገመዱንም ውጦ ሄደ።

ቡችሎቹ ከጠገቡ በኋላ ቀበሮ ወደ አህያ ተመለሰች። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር።

«አያ አህያ፣ ደንገል ሣር ነው፤ አንተም ሣር በሊ ነህ። ታንኳህን እንዴት ሳትበላት ኖርህ?»

«ከዚህች በፊት ሁለት ታንኳ በልቻለሁ» አለ አህያ። «ከዚያ ወዲህ ግን ጥቂት ሣር ለማለዳ አስተርፋለሁ፤ እሱን ሳልቀምስ አልሳፈርም።»

ቀበሮ ሳቀች፤ ቀጥሎ እንባዋ መጣ። «ልጆቼ ዛሬ እናት ያላቸው ባንተ ነው። ዕድሜህን ያርዝመው» አለችው። ከዚያ ሳትጠየቅ የታንኳዋን ጫፍ ይዛ ጎተተች።

ዝናቡ ተመልሶ ዓሣው ወደ ዳር ከመጣ በኋላ እንኳ፣ ያቺ ሥራ የማትወድ ቀበሮ በየምሽቱ እየመጣች የአህያን ታንኳ ከውሃ ታወጣ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያሻግረንን ስንመርጥ ቅለቱን ብቻ ሳይሆን አብሮን የሚሳፈረውን ረሃብም ማየት እንዳለብን፣ ላሻገረንም ምስጋናችንን በአፍ ብቻ ሳይሆን በጉልበትም መክፈል እንደሚገባን ነው።