ውኃ የጠጣችው ታንኳ

ሰው ለመዳን ብሎ በሚውጠው ነገር ሰውነቱ ከጠፋበት ምን ያድርግ? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም።

ኩላሊቴን ካመመኝ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት ክኒን እውጣለሁ። ክኒኑ አድኖኛል፤ አልዋሽም። እግሬ አብጦ፣ ዓይኔ ተከድኖ ተኝቼ ነበር፤ አሁን ተነስቼ ልጄን አዝላለሁ። ግን ከሱ ጋር ሌላ ነገር መጣ። ፊቴ ክብ ሆነ። ሆዴና ትከሻዬ ወፈረ። ረኃቡ ደግሞ አይጣል ነው፤ በልቼ ሳልነሳ ይርበኛል። ጉልበቴ አይችለኝም። ከቧንቧው ውኃ ቀድቼ ቤት እስክገባ ልቤ ይመታል፤ ልቤ ሲመታ ደግሞ እፈራለሁ። ወፍራም ሰው በልቡ ይሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ክኒኑን ያቋረጠ ደግሞ በኩላሊቱ ይሞታል አሉኝ። በየት በኩል ልውጣ?

አንድ ቀን ልጄ ሐመልማል ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርጌን ፎቶ እያየች «እማ፣ ይቺ ማናት?» አለችኝ። «እኔ ነኛ!» ስላት ሳቀች። እየቀለድኩ መስሏት ነው። እኔ ግን ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። አለመብላቱም አዞረኝ እንጂ አላቀለለኝም።

ጎረቤቴ እትዬ ትርንጎ ባየችኝ ቁጥር «ደግሞ አረገዝሽ እንዴ? መንታ ነው መሰለኝ!» ትላለች። ቀልዷ ነው፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ባለፈው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የሚነፋሽ ክኒኑ ነው እኮ። ተይውና እይው፤ እንደ ሙሽርነትሽ ሸንቃጣ ትሆኛለሽ» አለችኝ። ይህ ቃል ልቤ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ክኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ ሳየው ቆየሁ። ዋጥኩት፤ ግን እጄ ከበደኝ።

ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ወዳሉት ሽማግሌ፣ ወደ አያ አዝመራው ሄድኩ። እሳቸው ሐይቅ ዳር ነው ያደጉት። ለሐኪሙ ያልነገርኩትን ለሳቸው ነገርኳቸው። ሐኪሙ ፊት ስቀርብ አፌ ይያዛል። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» ብዬ እወጣለሁ።

«አያ፣ ክኒኑን ብተወው ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

ተይም አትተይም አላሉኝም። ሐመልማልን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና እንዲህ ብለው ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ኑሮው በታንኳ ነበር። ታንኳ ታውቂያለሽ፣ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው የምትታሰረው። ሰውየው እንጨት እየጫነ ከደሴቱ ወደ ከተማው ይሻገር ነበር። አንድ ክረምት ታንኳው ከድንጋይ ጋር ተጋጨችና ጎኗ ተዘነጠለ። ወደ ታንኳ ሠሪ ወሰዳት። ሠሪውም አይቶ «እንዲህ ሆና ከወጣች ትሰጥማለች» አለና በተጎዳው ጎኗ ላይ አንድ ወፍራም የደንገል እስር ጨምሮ በገመድ ጠፈረላት። ታንኳዋ ዳነች። ሰውየውም መሻገሩን ቀጠለ።

ነገር ግን ደንገል ውኃ ይጠጣል። አዲሱ እስር ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጠጣ። ታንኳዋ ከበደች። ወደ አንድ ጎን አዘነበለች። መቅዘፊያው ውኃውን እየገፋ እሷ ንቅንቅ አልል አለች። ታንኳ ያለው ሰው በተሻገረ ቁጥር ታንኳውን ጎትቶ ያወጣና ፀሐይ ላይ ያቆማታል፤ የጠጣችው እንዲንጠፈጠፍ። ይኼ ሰው ግን እየዘገየ ስለሚደርስ ለማቆም ጊዜ አጣ። ሳያወጣት እንደገና ይጭናል። በመዘግየት የቀረበትን ለማካካስ ብሎ እንጨት ይጨምራል። እንጨት በጨመረ መጠን ይዘገያል። ወደ ሠሪው ተመልሶ «ከብዶኛል» ማለት ደግሞ አፈረ፤ የተሠራለትን የሚያማርር መስሎ ታየው።

ባልንጀሮቹ ሳቁበት። «ያቺ ታንኳህ መቼ ነው የምትወልደው?» ይለዋል አንዱ። «ተዋት፣ ሐይቁን ጠጥታ ትጨርስልንና በእግራችን እንሻገራለን!» ይላል ሌላው። አንደኛው ግን ከልቡ አዘነለትና «ያን እስር ቆርጠህ ጣለው፤ እንደ ድሮዋ ትሆንልሃለች» አለው።

አንድ ቀን ሰውየው ትንሽ ልጁን ለአያቷ ሊያደርስ አሳፍሯት ወጣ። እንጨትም ጭኗል። ሐይቁ ጠዋት ዝም ይላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ንፋስ ይነሳበታል። ለዚህ ነው ሁሉም በጠዋት የሚሻገረው። እሱ ግን ታንኳዋ ከብዳው ገና መሃል ላይ ሳለ ንፋሱ ደረሰበት። ባልንጀሮቹ ርቀው ሄደዋል። ማዕበሉ የልጅቱን እግር ነካ። «አባ፣ ውኃው እየገባ ነው» አለችው።

ሰውየው ፈራ። መጣል የነበረበት እንጨቱን ነው፤ እንጨቱ ግን አልታየውም። የታየው ያ ሲሳቅበት የከረመው እስር ነው። ደንገል የሚያጭድበትን ማጭድ አወጣና ገመዱን ቆረጠው።

ለአፍታ ታንኳዋ ቀለል አለች። ሰውየው «ተመስገን!» አለ። ቃሉን ሳይጨርስ የተጎዳው ጎኗ ተከፈተ። እንጨቱ ተንሸራተተ፤ ታንኳዋ ተገለበጠች። ልጅቱ ውኃ ውስጥ ገባች።

አያ አዝመራው እዚህ ላይ ሲደርሱ እኔ ሐመልማልን ከጭናቸው ላይ ልወስዳት እጄን ዘረጋሁ። ለምን እንደዘረጋሁ አላውቅም።

«ሞተች?» አልኳቸው።

«ቆዪ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል!» አሉኝ። ሐመልማልን ሰጡኝና ቀጠሉ።

ሰውየው ልጁን በቀሚሷ ያዛት። ራሱ የሚይዘው ግን አጣ። ዞር ሲል ያ የቆረጠው እስር ውኃው ላይ ተንሳፍፎ አየው። ርሷል፣ ከብዷል፣ ግን አልሰጠመም። ልጁን በላዩ ላይ አስተኛትና እየገፋ ዋኘ። ዳር ሲደርሱ ልጅቱ እስሩን አቅፋ አልለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀው።

ከዚያ ሰውየው እስሩን ተሸክሞ ወደ ሠሪው ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሠሪው ግን አልተቆጣም። «ሲከብድህ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ እዚህ ሳስራት እንጂ መሃል ሐይቅ ላይ ስትሄድ አላያትም» አለው። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋትን ታንኳ ጎትተው አወጧት። እስሩን መልሶ ጠፈረላት። ጎኗ እየጠና ሲሄድ ሠሪው ራሱ እያየ፣ በመጠን በመጠን እስሩን አሳነሰው። ሰውየውም እንጨት ቀነሰ፤ በተሻገረ ቁጥርም እያወጣ ፀሐይ ላይ አቆማት።

አያ አዝመራው ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ታንኳዋ አንቺ ነሽ። እስሩ ክኒንሽ ነው። አዎ ያከብዳል፤ አያከብድም ብዬ አልሸነግልሽም። ግን በንፋስ መሃል የሚቆረጠው እሱ አይደለም። ማጭዱም ያንቺ አይደለም፤ የትርንጎም አይደለም። ሠሪው ዘንድ ሂጂና ‹ከብዶኛል› በይ። አንቺ የምትቀንሽው እንጨቱን ነው።»

«ታንኳዋ ግን ቀለለች?» አልኳቸው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ይህን ነበር።

«እንደ ድሮዋ አልቀለለችም» አሉ። «ግን ትሻገር ነበር። ያቺም ልጅ ተመልሳ ተሳፍራባታለች።»

ይኸው ክኒኑን እየዋጥኩ ነው። ቀጠሮዬ ሲደርስ ሐኪሙን «ከብዶኛል» ልለው ነው። ልብስ ሳጥብም ሆነ ልጄን ሳጎርሳት ለብቻዬ እለማመደዋለሁ፤ ሐመልማል «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ትለኛለች። ከእንጨቱም ጀምሬያለሁ። ጨው ቀንሻለሁ፣ ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ። ረኃቡ ሲመጣ ግን እጄ እኔን ሳይጠይቀኝ ወደ ሞሰቡ ይሄዳል። ልራመድ ብዬ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል፤ ልቤ ሲመታ ደግሞ ይኼው መጣብኝ ብዬ ከመንገድ እመለሳለሁ።

ታንኳ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ሰው ግን በምን ይንጠፈጠፋል? እንደኔ ክኒን እየዋጣችሁ፣ እያመማችሁ፣ ትንሽም ቢሆን የቀለላችሁ ካላችሁ፣ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ። ሲራመዱ ልብ ሲመታ መቼ ቆም እንደሚባል፣ መቼ መንገዱ እንደሚቀጠል የምታውቁም ንገሩኝ። ሐኪም ፊት አፋችሁ ተይዞ የተፈታላችሁም፣ እንዴት እንደተፈታ ንገሩኝ። እባካችሁ አትቆዩብኝ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ሐመልማል ጀርባዬ ላይ ናት።