ስም የማያሳየው ስልክ

አንዲት ሴት ነበረች። ዘርፌ ትባላለች፤ ደሴ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። ጾሟን ትጾማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ የታመመ ትጠይቃለች፣ ያዘነ ታጽናናለች። አንድ ነገር ብቻ ነበረባት። ወንድሟን አታናግርም።

እንደ እናንተው ማለት ነው። አትሳቁ! እዚህ መካከል የተኳረፈ ሰው የለም?

ወንድሟ አሰግድ አዳማ ነው ያለው። እናትና አባታቸው ያፈሩት ሁለቱን ብቻ ነው። በምን ተጣሉ? እናንተ አሁን በልባችሁ "በውርስ ነዋ!" ትላላችሁ። አይደለም፤ በሞት ነው የተጣሉት። አባታቸው ያረፉ ቀን አሰግድ ምንም ሳያውቅ ለሰላምታ ብሎ ለእህቱ ደወለ።

"አባዬ እንዴት ነው?" አላት።

ምን ትበለው? መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ታውቁታላችሁ፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ደግፎ ነው የሚነገረው። ዘርፌም አዳማ ላሉ ዘመዶች አደራ ብላ ነበር። እናም እንባዋን ዋጥ አድርጋ "ደህና ነው፤ ሁላችንም ደህና ነን" አለችው።

ታዲያ ሽማግሎቹ ሳይደርሱ፣ ወሬው ቀድሞ የደረሰው አንድ የሥራ ባልደረባ "ነፍስ ይማር" ብሎ በሞባይሉ ላከለት። አሰግድ የአባቱን ሞት ከስልክ ላይ አነበበ። እየከነፈ ቢመጣም ለቀብሩ አልደረሰም። ድንኳን ውስጥ፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ እየሰማ፣ "አባዬ እንዴት ነው ስልሽ ደህና ነው አልሽኝ! አንቺ እህት ነሽ?" አላት። እሷም "ለአንተ ብዬ፣ ደንቡን ጠብቄ ነው፤ በሰው ፊት አዋረድከኝ" አለችው።

ማን ነው ጥፋተኛው? እስቲ ፍረዱ። እኔስ መፍረድ አቅቶኛል።

ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ትንሽ ሲቆይ አሰግድ በረድ አለና መደወል ጀመረ። የዘርፌ ሞባይል ይጮሃል። ስሙ ብቅ ይላል። ታየዋለች፤ ከዚያ ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጠውና ሥራዋን ትቀጥላለች። "ይጥራ፣ ይውጣለት!" ትላለች። ለፋሲካ ደወለ፤ ገለበጠችው። ለእንቁጣጣሽ ደወለ፤ ገለበጠችው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። ያ ሁሉ ሲሆን ድምፁን አንድ ቀን አልሰማችም።

እናትየው ወይዘሮ ይመኙሻል ግን የቤት ስልክ ነው ያላቸው። የድሮው፣ በዳንቴል የተሸፈነው፣ ሳሎን ጥግ የሚቀመጠው፤ ሲጮህም የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ዘርፌ ሞባይል ብትገዛላቸው አሻፈረኝ አሉ።

"እማዬ፣ ዛሬ ማን የቤት ስልክ ይጠቀማል? እናስቆርጠው" ስትላቸው፣

"ያንቺን መስታወት ስነካው ከማላውቀው ሰው ጋር ያገናኘኛል። የኔን ተይልኝ!" ይሏታል።

ዘርፌም ሰለቻትና ሰኞ ሄጄ አስቆርጠዋለሁ ብላ ወሰነች።

ቅዳሜ ከሰዓት ያ ስልክ ጮኸ። እናትየው ጸሎት ላይ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ጸሎት ከያዙ ቤቱ ቢቃጠል አይናገሩም፤ ትእዛዝ በጣት ነው። ጣታቸውን ወደ ስልኩ ቀሰሩ። ዘርፌ ልብስ እያጠበች ነበር፤ "ኤጭ!" ብላ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?"

ልብ በሉልኝ። ያ ስልክ ስም አያሳይም። ወዳጅህ ይሁን ባላንጣህ ይሁን አስቀድሞ አይነግርህም። ማን እንደሆነ ለማወቅ ማንሳት አለብህ።

 በወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዘርፌ ክው አለች። አባቷ ሊናገሩ ሲሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

"አባዬ?" አለች፣ ሳታስበው።

"እኔ ነኝ ዘርፍዬ። አሰግድ ነኝ።"

ድምፁ የአባቷ ነው! ወንድሟ ጎልምሶ የአባቱን ድምፅ ወርሷል፤ እሷ አልሰማችም እንጂ። አባቷን እያሰበች ስታለቅስ በከረመችበት ቤት፣ የአባቷን ድምፅ ስትገለብጠው ኖራለች። 

"ደህና ነህ?" አለችው።

"ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። እማዬን አቅርቢልኝ፤ ትመርቀኝና እዘጋለሁ።"

ይህ ነገር አላማራትም። ምርቃት በምን ምክንያት?

"ምን ሆነሃል? በሞቴ ተናገር!"

 "ሆዴ ውስጥ እብጠት አለ ብለውኛል። ማክሰኞ ቀዶ ጥገና እገባለሁ። እወጣለሁ አልወጣም፣ እሱ ያውቃል። ጠዋት በሞባይልሽ ሞክሬ ነበር። ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት፤ ትደነግጥብናለች። ደህና ነው በያት።"

ይህን እንዳለ ምን እንደተናገረ ራሱ ሰማው።

"ዘርፍዬ፣ ያን ቀን እንዲህ ጨንቆሽ ነው ደህና ነው ያልሽኝ?"

"አዎ ወንድሜ" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "ግን አንተም እውነት አለህ። አባዬ ታሟል፣ ቶሎ ድረስ እንኳ ልልህ ይገባ ነበር። ይቅር በለኝ።"

"እኔን ይቅር በይኝ! በሰው ፊት ያዋረድኩሽ እኔ ነኝ።"

እናትየው ልጃቸው ስታለቅስ ሲያዩ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት አቋርጠው ተነሡ።

"ከማን ጋር ነው?"

"ከአሰግድ ጋር።"

"አንቺ? ከአሰግድ ጋር? እሰይ! እንዲህ ላለውማ እግዜር ራሱ አቋርጪ ይለኛል" አሉና መነጋገሪያውን ከእጇ ወሰዱ።

ዘርፌ በዚህ ጊዜ አልደበቀቻቸውም። "እማዬ፣ አሞታል" አለቻቸው። እናትየው ደነገጡ፤ ግን አልወደቁም። ቆመው ልጃቸውን መረቁት። ሰኞ እናትና ልጅ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ማክሰኞ አሰግድ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገፋ እጁ በእህቱ እጅ ውስጥ ነበር። ዳነም፤ ተመስገን።

ባይድንስ ኖሮ? እናቱ ጸሎት ላይ ባይሆኑ፣ ስልኩን እሳቸው ቢያነሱት፣ ወይም ያቺ ሰኞ ከዚያች ቅዳሜ ቀድማ ቢሆንስ? ወይ ጉድ! ዘርፌ ምን ይዛ ትኖር ነበር?

ወገኖቼ፣ ሞባይልን ልኮንን አልመጣሁም። እኔም ኪሴ ውስጥ አለ። ግን ምን አስተማረን? ስም አይቶ ማንሳትን። ስም አይቶ መገልበጥን። ይህችን አነሳለሁ፣ ያንን አላነሳም። ለዚህ ደህና ነኝ፣ ለዚያ ሥራ ላይ ነኝ። ወንድማችን እየጠራን ስሙን እያየን ዝም እንላለን፤ ሲቆም ደግሞ "ተገላገልኩ" እንላለን።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እግዚአብሔር እንደ እኛ ስም እያየ የሚያነሳ ቢሆን፣ ለማናችን ይነሣልን ነበር? ዛሬ ጠዋት የጸለያችሁትን አስቡት። ማን እየጠራው እንደሆነ አላወቀም? ትናንት የዋልንበትን አላየም? ስማችንን ያያል። ጉዳችንን ያውቃል። አይቶ፣ አውቆ ያነሳልናል! እኛ ታዲያ በምን ሂሳብ ነው ወንድማችንን የምንገለብጠው?

ሌላ ጊዜ ስትገቡ ስልካችሁን ዝጉ እላችኋለሁ። ዛሬ ክፈቱት። ያንን ስም ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልነግራችሁም። ተነሡ፣ ውጡ፣ ግቢው ሰፊ ነው። ደውሉለት። ስታለቅሱ ሰው ያየኛል ብላችሁ አትፈሩ፤ የሚደውለው ብዙ ነው። ጸሎቱን ያለ እናንተ አንጀምርም። እንጠብቃችኋለን።