ፍሪጁን የነቀለው ሰው

አንድ ሰው ነበር። ጠዋት ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሻይ ያፈላል፣ ዳቦውን እያጠቀሰ ይበላል። ብርጭቆውን ማጠቢያው ውስጥ ይተውና ሬዲዮኑን ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ፀሐይ ሳትበረታ አንዲት ጎረቤቱ በሩን ገፋ አድርጋ ትገባለች። "እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?" ትለዋለች። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደርሽ?" ይላታል። ወደ ጓዳ ትገባለች፣ የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ ትወጣለች፣ ትሄዳለች። ማታም እንዲሁ።

ሰውየው ደመላሽ ይባላል። ዕድሜውን በመንገድ ቅየሳ ጨርሶ ጡረታ የወጣ፣ በአንድ ቆላ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ሚስቱ ስንዱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። ስለ እሷ ብዙ አያወራም።

ጎረቤቱ አመለወርቅ ትባላለች። ለድግስና ለተዝካር ወጥ በመሥራት የምትተዳደር ሴት ናት። ስንዱ በሕይወት ሳለችም ጠዋትና ማታ ትመጣ ነበር። ደመላሽ አሁን የምትመጣው ለእሱ አዝና፣ ብርጭቆውን ልታጥብለት ይመስለዋል። ትንሽ ያፍራል። ግን ጠይቋት አያውቅም።

ታዲያ የመብራት ዋጋ ጨመረ። ይህን ለእናንተ ማስረዳት ያስፈልገኛል? ከመካከላችን ሂሳቡን አይቶ ወረቀቱን ገልብጦ ያላየ፣ ምናልባት ከጀርባው ሌላ ነገር ተጽፎ ይሆን ብሎ ያልፈለገ ማን አለ? ሰፈሩ አማረረ። ደመላሽ ግን ነገሩ ገረመው። "ይህ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?" አለ። ሊያውቅ ፈለገ።

ጠዋት ጠዋት ቆጣሪው ሥር ይቆም ጀመር። ውስጡ ያለችውን የምትዞር ክብ ብረት ያያል። ገብቶ አንድ ነገር ያጠፋል፣ ተመልሶ ያያል። ሌላ ነገር ያበራል፣ ተመልሶ ያያል። አቶ ሽብሩ የሚባል የእድሜ እኩያው በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ይስቅበታል።

"ምነው ደመላሽ፣ ከቆጣሪው ጋር ወግ ያዝክ?"

"ይመልስልኛል እኮ። ካንተ ይሻላል።"

"እስቲ ዛሬ ምን አለህ?"

"ካውያህ ሆዳም ነው አለኝ።"

እውነትም ካውያው ሆዳም ነበር። ስለዚህ ልብሱን በየቀኑ መተኮስ ትቶ አጠራቅሞ ባንዴ ይተኩስ ጀመር። የድሮዎቹን አምፖሎች በኃይል ቆጣቢ ለወጠ። ቴሌቪዥኑ ተዘግቶም ቀይዋን መብራት አብርቶ እንደሚያድር አስተዋለና ከሶኬቱ መንቀል ለመደ። መስኮቱን የጋረደውን የቀርከሃ መጋረጃ ጠቀለለው፤ ለካ ሳሎኑ ቀን አምፖል አያስፈልገውም ነበር። የሚጠቀሙት ሲበዛ የአንዱ ኪሎዋት ዋጋም አብሮ እንደሚወጣ ሲረዳ ደግሞ ይበልጥ ተበረታታ፤ ትንሽ ቢቀንስ ከከፍተኛው የዋጋ እርከን ሊወርድ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ልነቅፈው አይደለም። መልካም አደረገ። ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ እንደ እሱ ብታደርጉ አንዳችሁም አትጸጸቱም።

አንድ ቀን በቤቱ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ቆጣሪው ሥር ቆመ። ክቧ ብረት አሁንም ትዞራለች። ቀስ ብላ፣ ግን ትዞራለች። ማን ነው የሚጠጣው? ጆሮውን ጥሎ ቤቱን አዳመጠ። ከጓዳ የፍሪጁ ጉርምርምታ መጣ።

ከፈተው። አንድ ጠርሙስ ውሃ አለ። ግማሽ ሎሚ አለ። የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ሣጥን፣ በፌስታል ተጠቅልላ፣ ፌስታሉም ተቋጥሮ።

ሣጥኗን ያውቃታል። ስንዱ ወደ ሥራ ስትሄድ ምሳዋን ትቋጥርባት የነበረችው ናት።

እጁን ሰደደ። መልሶ ሰበሰበው። አምፖል ፈትቶ ያየ፣ ሶኬት ፈትቶ ያየ፣ ከቆጣሪ ጋር የሚነጋገር ሰው፣ ያችን አንዲት ቋጠሮ አልፈታም። መሳቢያውን ቀስ አድርጎ ገፋው፣ በሩን ዘጋው፣ ሽቦውን ከሶኬቱ ነቀለ። ወጥቶ ሲያይ ክቧ ብረት ቆማለች። ደስ አለው።

እሱ አያውቅም፤ እናንተ ግን እወቁት። በዚያች ሣጥን ውስጥ የስንዱ የሆነ ነገር አልነበረም። የነበረው የአመለወርቅ የስኳር መድኃኒት ነው፤ ጠዋትና ማታ በመርፌ የሚወሰደው ኢንሱሊን። እንዲህ ባለ ቆላ ውጭ ቢውል ይበላሻል። አመለወርቅ የተከራየቻት ክፍል ቆርቆሮ በቆርቆሮ ናት፤ አከራይዋም ከአንድ አምፖል ሌላ እንድትሰካ አይፈቅዱም። "እኔ ጋ አስቀምጪው" ያለቻት ስንዱ ናት። አመለወርቅ ደግሞ "በሽተኛ ናት ከተባለ ለድግስ የሚጠራኝ የለም፤ አደራ ለማንም እንዳትናገሪ" አለቻት። ስንዱ ለማንም አልተናገረችም። ለባሏም አልተናገረችም። አደራዋን ጠብቃ ሄደች።

እንግዲህ ማታ ሆነ። አመለወርቅ መጣች። ሰላምታ ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች። ፍሪጁን ስትከፍተው ጨለማ ነው።

"ጋሼ፣ መብራት የለም እንዴ?"

ደመላሽ በአምፖሉ ሥር ተቀምጦ፣ "አለ እኮ" አላት። "ፍሪጁን ነቅዬው ነው።"

"ተበላሸ?"

"ኧረ ደህና ነው። ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው እንጂ። ሂሳቡን እንደምታይው ነው።"

አመለወርቅ መሳቢያውን ስባ ሣጥኗን አወጣች።

በአገራችን ሰው ለጎረቤቱ "አትምጪብኝ" ብሎ ፊት ለፊት ይናገራል? አይናገርም። ዙሪያውን ይናገራል። ሰሚውም ዙሪያውን መስማት ለምዷል። ደመላሽ ስለ ፍሪጁ ተናገረ፤ አመለወርቅ ስለ ራሷ ሰማች።

"ልክ ነዎት ጋሼ" አለች። "ለማን ብለው ነው?"

"ለማን ብዬ ነው?" አለና ሳቀ።

ብርጭቆውን አጠበችለት። ሣጥኗን በነጠላዋ ሥር ይዛ፣ "ደህና እደሩ" ብላ ወጣች።

አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረበት? አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ነበሩ። እስቲ እዚህ ላይ አብረን እንቁም፤ ሰው በጨዋነቱ ሲጎዳ አይታችሁ አታውቁም?

በማግሥቱ አልመጣችም። በሌላውም ቀን አልመጣችም። ብርጭቆዎቹ ማጠቢያው ውስጥ ተደራረቡ። ደመላሽ መጀመሪያ ድግስ ላይ ትሆናለች አለ። ቀጥሎ አስቀይሜያት ይሆን አለ። ሄዶ ሊጠይቃት ያስብና፣ "ለምን ቀረሽ ማለት፣ ነይና ብርጭቆዬን እጠቢ ማለት አይሆንብኝም?" ብሎ ይተወዋል።

እሷ በበኩሏ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ አድርጋ፣ አሸዋውን አርሳ፣ ሣጥኗን ቀበረች። ብልሃቱ የከፋ አልነበረም። ግን ድግስ ቤት ስትውል አሸዋው ይደርቃል፤ ቆርቆሮውም እንደ ምጣድ ይግላል። መድኃኒቱ ቀስ እያለ ኃይሉን አጣ። እሷ የምትወጋው መድኃኒት መስሏት ትወጋለች። ውሃ ይጠማታል፣ ትጠጣለች፣ መልሶ ይጠማታል። ድካሙን በሥራ አመካኘችው።

አንድ ቀን ደመላሽ ፍሪጁ እንዳይሸት ሊወለውለው ከፈተው። መሳቢያውን ሳበ። ሣጥኗ የለችም።

ቁጭ አለ። ቀጥሎ ተነሳ። ጓዳው የሚገባ ሌላ ሰው የለም። በንዴት ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያስር ወደ አመለወርቅ ቤት ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋዋ ላይ ናት። ከራስጌዋ ማሰሮ አለ፤ ከአሸዋው ውስጥ ሰማያዊ ክዳን ብቅ ብሏል።

"አመለወርቅ" አለ፣ "የስንዱን ሣጥን ለምን ወሰድሽ?"

አንደበቷ ተሳስሯል። "ይውሰዱት ጋሼ" አለች። "ሣጥኑ የሷ ነው። መድኃኒቱ ነው የኔ።"

"የምን መድኃኒት?"

ያን ሁሉ ጊዜ ቆጣሪውን ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ ሰው ሲጠይቅ ይህ መጀመሪያው ነበር።

ሽብሩን ጠራ፤ ባጃጅ መጣ፤ ደግፈው ሆስፒታል አደረሷት። ሐኪሟ የመድኃኒቱን ጠርሙስ አየችና መድኃኒቱ በሙቀት መበላሸቱን ነገረቻቸው። ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ራሷን ስታ ያገኟት እንደነበር ነገረቻቸው። አመለወርቅ ቀስ በቀስ አገገመች።

ቀና ብላ መቀመጥ ስትጀምር ደመላሽ ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎ የነገሩኝ መስሎኝ።"

"እኔ? ምን አልኩሽ?"

"ስለ ሂሳቡ።"

"አመለወርቅ፣ ስለ ሂሳቡ ያወራሁት እኮ ስለ ሂሳቡ ነበር" አላት።

መጀመሪያ እሷ ሳቀች፤ ቀጥሎ እሱ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁን ተዉት።

"ስንዱስ ለምን አልነገረችኝም?" አለ።

"አደራ ብያት ነበር" አለች።

በዚያው ቀን ፍሪጁን ሰካው። ያረጀውን የበር ጎማ አስለወጠ፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጀው ቀነሰ። ሌላውን ቁጠባ አልተወም። ክቧ ብረት እንደገና ስትዞር አየና አላዘነም፤ አሁን ለማን እንደምትዞር ያውቃል።

አንድ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳው። ስንዱ ይህን ያህል ከደበቀች ሌላስ ምን ይኖራል? ስለዚህ በየጎረቤቱ እየዞረ፣ "ከስንዱ ጋር የነበራችሁ ነገር አለ? እኔ ሳላውቅ ያቋረጥኩባችሁ?" እያለ ጠየቀ። ሐጂ ኑርዬ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት፣ ከሩቅ አገር ልጃቸው የሚልክላቸውን መልእክት ከስልካቸው ታነብላቸው እንደነበር ነገሩት። ሌላ ሰው ለማስነበብ አፍረው፣ እሷ ካረፈች ወዲህ የመጣው ሁሉ ሳይነበብ ተቀምጧል። ተቀምጦ አነበበላቸው። አንዲት ሴት ደግሞ፣ "ነበረን፤ ግን እሱን ለእሷ ብቻ ነው የነገርኳት" አለችው። እንደከደነችው ተወላት።

ወገኖቼ፣ ኑሮ ተወድዷል። የሚቀነሰውን ትቀንሳላችሁ፤ መቀነስም አለባችሁ። አምፖሉን ለውጡ፣ የሚተኮሰውን አጠራቅሙ። ነገር ግን ከቤታችሁ አንድ ነገር ከመንቀላችሁ በፊት፣ ከጫፉ ማን እንዳለ ጠይቃችኋል? ወደ ግቢያችሁ ጠዋትና ማታ የሚመላለሰው ሰው ለምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ሠራተኛችሁን ያሰናበታችሁ፣ ለዘመድ የምትልኩትን የተዋችሁ፣ የውጭ በር መብራት ያጠፋችሁ፣ ጠይቃችኋል?

ሁላችንም ጎበዝ ጠያቂዎች ነን፤ ስለ ዋጋ ስንጠይቅ ማን ይችለናል? የሚያመን ቦታ ላይ ስንደርስ ግን እጃችንን እንሰበስባለን። ደመላሽ ሣጥኗን ያልከፈታት ክፉ ሆኖ አልነበረም። ብከፍታት አልችለውም ብሎ ነው። እንዲህ ያለች ሣጥን በቤታችሁ አለች? እኔ ምን እንደያዘች አላውቅም። እናንተም አታውቁም። የሌላ ሰው ሕይወት ይዛ ሊሆን ይችላል።

ባል ያላችሁ፣ ሚስት ያላችሁ፣ ዛሬ እራት ስትበሉ ጠይቁ። "ለማን ምን ቃል ገብተሻል?" በሉ። "አንተ ባትኖር እኔ የምይዝልህ የማን አደራ አለ?" በሉ። አደራውን መናገር ባይቻል እንኳ፣ "አንድ ሣጥን አለ፤ ሳትጠይቅ እንዳትነካው" መባባል ይቻላል። ይህን ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ደመላሽ ዛሬ በብዙ ሰው ቤት ተቀምጦ ይጠይቃል። ይመልሱለታል። ሚስቱን የሚጠይቃትም ብዙ ነገር አለው። ስንዱ የለችም።