እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚፈስ ቦኖ

አንዲት የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ሞንታርቦ በተጫነበት መኪና እየዞሩ ለሕዝቡ መናገር ነው። ውሃ ሲጠፋ ትናገራለች፤ ሲመጣም ትናገራለች።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ ነበረ። ከበላይ ጎብኚ ሲመጣ ማጠራቀሚያው በቦቴ ይሞላል፤ ቦኖው ይንፎለፎላል፤ እሷም "ችግሩ በዘላቂነት ተፈቷል!" ትላለች። ጎብኚው ተጨብጭቦለት ሲሄድ ቦኖው ይደርቃል። ሴቶቹ ለምደውታል። ውሃ ድንገት ከፈሰሰ "ደግሞ ማን ሊመጣ ነው?" ብለው ጀሪካን ይዘው ይሮጣሉ።

አንድ ጠዋት ግን ያለ ቦቴ ፈሰሰ። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ቦኖው ውሃ የሚያገኝበትን ምንጭ ሞልቶት ነበር። ጎርፉ ደግሞ የሽንት ቤት ጉድጓድ ጥሶ ምንጩ ውስጥ ገብቷል። ውሃውን እንዳይዘጉት የቧንቧው መዝጊያ ዝጎ አልዞር አለ።

ሠራተኛዋ በሞንታርቦው መኪና ወደ ቦኖው በረረች። ኃላፊዋ አጠገቧ ተቀምጧል።

"ውሃው ተበክሏል! እንዳትጠጡ! የቀዳችሁትን ድፉት!"

ማንም ቀና አላለም።

"ዛሬስ የትኛው ሚኒስትር ነው?" አሉ ወይዘሮ አየለች፣ ጀሪካናቸውን እየሞሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

"እማማ፣ እውነቴን ነው! ሽንት ቤት ገብቶበታል!"

"ባለፈውም እዚችው መኪና ላይ ሆነሽ እውነትሽን ነበር። ለእንግዶቻችሁ ልታስቀሩት ነው፤ እናውቃችኋለን። ልጄ፣ እኛ ጠምቶናል።"

ጣሳ ሞልተው ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለች።

እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ታድርግ? ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሳቁም አብሮ ከፍ አለ።

ወደ ኃላፊዋ ዞረች። "የቦቴውን ነገር ልነግራቸው ነው።"

"አብደሻል? እንጀራሽን አትፈልጊውም እንዴ?" ብሎ ማይኩን ያዘባት።

ማይኩን ለቀቀችለትና ከመኪናው ወረደች። በገዛ ድምፅዋ ጮኸች። "ያኔ የፈሰሰው በቦቴ የመጣ ነው! አውቅ ነበር። ተፈቷል ብዬ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ። ያዘዘኝም መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ጠይቁት!"

ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ አየለች ወደ መኪናው አዩ። ኃላፊው መስታወቱን እየዘጋ ነበር።

ያን ጊዜ ጣሳውን ከልጅቷ አፍ ነጥቀው ደፉት። ጀሪካኑንም በእግራቸው ገለበጡት። አላመሰገኗትም። "ያኔውኑ ብትነግሪን ምን ነበረበት?" አሏት።

ብዙዎቹ ደፉ። አንዳንዶቹ ግን ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሷም ቆማ አየቻቸው፤ ልታስቆማቸው አልቻለችም።

ወገኖቼ፣ ለእነዚያ ሴቶች ማን ይጠየቅ? ጎርፉ ነው? ወይስ ዝናቡ?

"ሕዝቡ አይሰማም፣ ሕዝቡ አያምንም" ትላላችሁ። አለማመንን ማን አስተማረው? ሰኞ ቢሮ የምትገቡ፣ ሲስተሙ እየሠራ "ሲስተም የለም" ብላችሁ የመለሳችሁት ሰው የለም? ቢሮው ውስጥ ሻይ እየጠጣ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ያላችሁለት አለቃ የለም? እናንተስ፣ ቢሮ የሌላችሁ፣ ቦቴው ሲገባ አይታችሁ ለጎብኚው አላጨበጨባችሁም?

ትንሽ ውሸት ናት ብላችሁ ይሆናል። እሷም እንዲያ ብላ ነበር። አንድ ቀን እውነት መናገር የግድ ይሆንባችኋል፤ ያን ቀን ጣሳው ልጅ አፍ ላይ ደርሷል፤ የሚያምናችሁም የለም።

ያን ቀን አትጠብቁ። ነገ ጠዋት፣ ሰው ፊት፣ ከመኪናው ውረዱ።