ድግሱ ከወንዙ ማዶ

አንድ አገሩን የሚወድ ንጉሥ ነበር። በየዓመቱ አዋጅ ያስነግራል፤ አዋጁም ሁልጊዜ መልካም ነው። መንገድ ይጠረግ፣ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ድልድይ ይሠራ ይላል። በዚያ አገር ልማድ ግን ድግስ የሚደገሰው የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠ ዕለት ነው። በሬ ይታረዳል፣ ጠጅ ይቀዳል፣ ድንጋዩን ያስቀመጠው ሹም ይሸለማል። ሆድ ከሞላ በኋላ ወደ ድንጋዩ ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም።

አንድ በጋ ንጉሡ ራሱ የድልድይ መሠረት ሊያስቀምጥ ወደ አንድ ትልቅ ወንዝ ወረደ። ሲደርስ ሣር የወረሳቸው የመሠረት ድንጋዮች ተደርድረው አገኘ። አንደኛው ላይ ፍየል ቆማ ታመነዥካለች። ንጉሡ ክው አለ።

"ይህ ሁሉ ምንድን ነው?" ብሎ ሹማምንቱን ጠየቀ።

ወይዘሮ ይመኙሻል የምትባል በወንዙ ዳር ካለው መንደር የመጣች እናት ወደ ፊት ቀረበች።

"ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! ድንጋዩስ ሞልቶናል፤ የጠፋው ድልድዩ ነው። አዋላጇ ያለችው ማዶ ነው። አምና ክረምት ትልቋ ልጄ ምጥ ይዟት ወንዙ ሞልቶ እዚሁ ዳር ላይ ቀረችብኝ። ታናሿም ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ትወልዳለች።"

ንጉሡ ወደ እሷ ጠጋ አለ። "ምን ላድርግልሽ?" አላት።

"ድግሱን አይተዉብን። ብቻ ማዶ ይሁንልን።"

ሹማምንቱ ሳቁ። ንጉሡ ግን አልሳቀም። ውኃው ገና ጎድሎ ሳለ በሬውንም ጠጁንም ይዞ ተሻገረና ድንኳኑን ማዶ ተከለ። "ድግሱ ወንዙ የሞላ ዕለት ነው። በድልድይ የመጣ ይበላል፣ ይሸለማል" ሲል በወዲህኛው ዳር ወደቀሩት ሹማምንት ተጣራ።

"ጊዜው አጭር ነው፤ እንጨትም የለን!" አሉ ሹማምንቱ።

"ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም!" አለ ንጉሡ።

ከዚያ ወዲያ የተቀመጠ ሰው አልታየም። ሹማምንቱ ግንበኛና እንጨት ፍለጋ ተሯሯጡ፤ መንደሩም በደቦ ወጣ። እነዚያ ሥራ ፈት ድንጋዮች ተነቅለው ለድልድዩ ምሰሶ ዋሉ። ንጉሡ ማዶ ሆኖ ደመናው በከበደ ቁጥር ልቡ ይጨነቅ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የአንድ ሥራ ማለቅ እንዲህ አሳስቦት አያውቅም።

ዝናቡ ጣለ፤ ወንዙም ሞላ። ሹማምንቱ ካባቸውን ለብሰው ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው "መንገድ! መንገድ!" የሚል ድምፅ ሰሙ። በቃሬዛ የተያዘችው የይመኙሻል ልጅ ነበረች። ሹማምንቱ ገለል አሉ፤ እሷም ከሁሉ ቀድማ ተሻገረች። ንጉሡ የሕፃኑ ለቅሶ እስኪሰማ ድረስ ድግሱን አላስጀመረም። እልልታው ሲቀልጥ እሱም አብሮ አለቀሰ።

ወዳጄ፣ አገር መልካም አዋጅ አጥታ አትቸገርም። ሽልማቱ መጀመሪያው ላይ ከተቀመጠ ሁሉም ጀማሪ ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ ሲቀመጥ ግን ያው ሕዝብና ያው ሹም ጨራሽ ይሆናሉ። ለመሆኑ በእናንተ ሰፈር ድግሱ የሚደገሰው ከወንዙ በየትኛው ወገን ነው?