ዋልቡርጋና የመዳቡ ሰሌዳ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ይህች ተረት በጩኸት አትነገርም።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ በፈረንጅ አገር፣ ዋልቡርጋ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ትዕግሥተኛ ነበረች፤ ዝምተኛም ነበረች። ሥራዋ የቅዱሳንን ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ላይ በብረት መቅረጫ መቅረጽ፣ ቀለም መቀባት፣ ወረቀት ላይ ማተም ነበር። ድሆች ሥዕሉን ወስደው ግድግዳቸው ላይ ይለጥፉታል፤ ፊቱ ቆመው ይጸልያሉ።

በዚያው ከተማ ኮንራድ የሚባል ወርቅ አንጥረኛ ነበረ። እጁ ብልህ ነው፤ ዓይኑ ግን ከሰው ሥራ ላይ አይነሳም።

ዋልቡርጋ ሦስት ክረምት ለፍታ፣ ጌታ ሲባርክ የሚያሳይ ሥዕል አወጣች። ሰው ሁሉ ወደደው። ኮንራድን ቅናት አንገበገበው። አንዱን ወረቀት ገዛ፤ ጽዋ ላይ እንደሚቀርጸው ሁሉ፣ መስመር በመስመር መዳብ ላይ ቀረጸው። ከዚያ ጳጳሱ ዘንድ ሮጠ።

"አባታችን፣ ይህች ሴት ሥዕሌን ሰረቀችኝ!"

ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ ጳጳሱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለፍርድ ተቀመጡ። "ሌባ ሆኖ የተገኘ መቅረጫው ይሰበራል፤ ከከተማችንም ይወጣል" አሉ። ዋልቡርጋ ከዚያች መቅረጫ በቀር ምን አላት? ምንም።

ሁለቱ ሰሌዳዎች ቀረቡ። ኮንራድ አየና ሳቀ።

"ቤታችሁ ባለው ሥዕል ጌታ የሚባርከው በየትኛው እጁ ነው? በቀኙ! የእኔን ሰሌዳ እዩ፤ በቀኙ። የእሷን እዩ፤ በግራው!"

አንዱ "ሌባ!" አለ። አንዱ "ከሃዲ!" አለ። አንዱ ድንጋይ አነሳ።

ዋልቡርጋ "አባታችን፣ ሳይፈርዱ በፊት ሁለቱም ይታተሙ" አለች።

አራት ሰዎች ማተሚያዋን ተሸክመው አመጡ። ሰሌዳዎቹ ቀለም ተቀቡ፤ ተወለወሉ፤ ወረቀት ለብሰው ተጫኑ። የዋልቡርጋ ወረቀት ተነሳ፤ ጌታ በቀኙ ይባርካል። የኮንራድ ተነሳ፤ ጌታ በግራው!

ኮንራድ ቀልቡ ተገፈፈ። ዕድሜውን ጽዋና መስቀል ሲቀርጽ የኖረ ሰው፣ አንድም ቀን ወረቀት አትሞ አያውቅም። በማተሚያ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ እንደሚሆን ማን ነግሮት!

"ሃያ ዓመት ሁሉን በግራው ስቀርጽ ኖርኩ" አለች ዋልቡርጋ፣ እንባዋ እየወረደ። "ጌታዬን በቀኙ ሲባርክ የማየው፣ እንደ እናንተው፣ ወረቀቱ ሲነሳ ብቻ ነው።"

የኮንራድ መቅረጫ እዚያው ተሰበረ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ከከተማው ወጣ።

ድንጋይ ያነሳው ሰው ድንጋዩን የት እንደሚያኖረው ጨነቀው። ዋልቡርጋ ቀለሙ ያልደረቀውን ወረቀት ይዛ ወደ እሱ ሄደች፤ እሱም ወረቀቱን ለመቀበል ድንጋዩን ጣለ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሰው ሥራ የሚሰርቅ መልኩን ይወስዳል እንጂ ልፋቱን አይወስድም። ሳታዩም ለመፍረድ አትቸኩሉ። እኔ ነግሬያችኋለሁ፤ እናንተም ሳታጣምሙ ንገሩልኝ።