የጓንጉል መውደቂያ

ከሸንበቆ ማርያም በታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ዳር፣ የጓንጉል መውደቂያ የሚባል ሜዳ አለ። መከር ከገባ በኋላ የአካባቢው ጎረምሶች ትግል የሚገጥሙት እዚያ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ተመልካች የሚገርመውም ዳኛው አሸናፊውን ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ሰው ፀጉር መፈተሹ ነው። ፀጉሩ ላይ አፈር ከተገኘ የጣለው ሰው አሸነፈ አይባልም፤ ሲጥለው መዳፉን ከወደቀው ሰው ራስ ስር ማስገባት ነበረበትና። ጓንጉል ማን ነበር ቢሉ፣ ሽማግሎቹ ሲያወሩለት «እሱ» እንጂ «እሳቸው» አይሉትም፤ እኔም አልልም።

እንደሚነገረው ባላምባራስ ጓንጉል የአገሩ ገዥም ዳኛም ነበር። ደህና ጉልበት ነበረው፣ እሱን አንክደውም። በወጣትነቱ ሁለት ሦስት ሰው ጥሎ ኖሮ፣ ከተሾመም በኋላ ትግል አልተወም፤ ታዲያ ሹምን ማን ደፍሮ ይጥላል? የገጠመው ሁሉ ይወድቅለት ጀመር። መጀመሪያ በፍርሃት ነበር ይባላል፤ ኋላ ግን መተዳደሪያ ሆነ። አንዱ ወገቡን ይዞ ያቃስታል፣ አንዱ ገና ሳይነካ ይንከባለላል፣ አንዱማ አፈሩን ሳያራግፍ ተነስቶ የጌታውን ጉልበት ይስማል። አሳምሮ የወደቀ ይሾማል፣ የተሾመውም ለሌላው አወዳደቅ ያሳያል፤ እንዲህ ያለ የወራዶች ዘመን ነበር። ጓንጉል ደግሞ ይህን ሁሉ አመነ። የሚያሳፍረው ይኸ ነው፣ ከልቡ አመነ። አምኖም አልቀረ፣ በፍርዴ ያልተስማማ ሜዳ ወርዶ ይግጠመኝ፣ የወደቀ ተረታ ብሎ አዋጅ አስነገረ።

በዚህ አዋጅ ስንቱ ከርስቱ እንደተነቀለ አይጠየቅ። በመጨረሻ ዓይኑ ወይዘሮ የሹምነሽ በሚባሉ፣ ባላቸው በሞቱባቸው ሴት ማሳ ላይ አረፈ፤ ልጆቻቸውን የሚያበሉባት ያቺው ብቻ ነበረች። የኔ ናት ብሎ ፈረደ። ሴትየዋ የሚገጥምላቸው ወንድ ፍለጋ በየደጁ ቢዞሩ፣ ወንድ ተብዬው ሁሉ ወገቤን፣ ጉልበቴን እያለ ሸኛቸው። እሺ ያላቸው አንጋው የሚባል የትግል አስተማሪ ብቻ ነው። ይህ ሰው ተማሪዎቹን ከሁሉ አስቀድሞ አወዳደቅን፣ ቀጥሎም የሚጥሉትን ሰው ራስ በመዳፍ መቀበልን ያስተምር ነበር ይባላል።

ሜዳው ላይ ሲገናኙ አንጋው እጅ ነሳና «ጌታዬ፣ መውደቅ ተምረዋል?» ሲል ጠየቀው።

«መውደቅማ የእናንተ ነው» አለ ጓንጉል። አጃቢዎቹ ሳቁለት።

ከዚያ የሆነው የአፍታ ነገር ነው። አንጋው ወገቡን ይዞ አነሳው፣ ጣለው። ለካ ሰውዬው አገጩን መሰብሰብ እንኳ አያውቅም፤ በማጅራቱ ቀጥታ ወደ ድንጋይ ይወርዳል። አንጋው መዳፉን ሰደደለት። ድንጋዩ እጁን ሰበረው፣ የጓንጉል ራስ ተረፈ። አጃቢዎቹስ ምን አደረጉ ቢባል፣ ጌታ ወድቆ እኛ መቆማችን ነውር ነው ብለው፣ ጋሻቸውን እንደያዙ ሁሉም መሬት ላይ ተኙ። እሰይ የጦር አለቆች! አገሬው ሳቁን መዋጥ አቃተው።

ጓንጉል ተነስቶ፣ እግሬን አዳልጦኝ ነው፣ ይደገም አለ። የአንጋው እጅ ተንጠልጥሎ እያየ ነው እንዲህ ያለው፤ ወንድነቱ ይችን ታህል ነበረች። አንጋውም እሺ ብሎ በደህና እጁ መታጠቂያውን ያዘና እግሩን ጠለፈው። ሰውዬው ዳግመኛ በማጅራቱ ሲወርድ፣ ያው የተሰበረው እጅ ከራሱ ስር ገባ። አንጋው የጮኸው ያን ጊዜ ነው ይባላል።

ሁለት ጊዜ ወድቆ አገር እያየው ምን ይበል? ማሳዋ ለወይዘሮ የሹምነሽ ጸናች። እሳቸውም መቀነታቸውን ፈትተው የአንጋውን እጅ እያሰሩ፣ እያለቀሱ፣ «የመጀመሪያውስ ይሁን ልጄ፤ ሁለተኛውን ለዚህ ውሻ ምን ብለህ ነው?» አሉት።

«እትዬ፣ እጄ የለመደው ይህን ነው» አላቸው። «ለእሱ ብዬ ሌላ አመል አላስተምረውም።»

ጓንጉል ይህን ሰምቶ ነው አሉ፣ አገሩን ለቆ ወንዙን ተሻግሮ የሄደው። ቢሰበር ይሻለው ነበር። አንጋው ግን በዚያች በጠመመች እጁ እስኪሞት ድረስ አስተማረ፤ ልማዱም የቀረው ከተማሪዎቹ ነው።

ዛሬ በትግሉ ቀን ባለሥልጣን አይጠፋም። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ስለ ወንድማማችነት ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ ከፊት የተቀመጡትም ሳይጨርስ ያጨበጭቡለታል። የእነዚያ አጃቢዎች የልጅ ልጆች በዚያው አገር ሞልተዋል። ያገኛችሁትን ብትጠይቁ፣ ያን ቀን የእኔ አያት ቆሞ ነበር ይላችኋል። ጎረቤቱን ብትጠይቁም ያው ነው። ከተኙት የተወለደ አንድ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።